ካርዱ የእኔ፣ ቁልፉ የእነሱ፦ ‹‹ዝጉ ይሻላል›› ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ‹‹ይሄ አንተን ነው የሚመለከተው›› ብሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ጉዳዩ የፒሲ ጌም ግራፊክስ ነው። ጭብጡ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ቁም ነገር ያለው የግራፊክስ ቴክኖሎጂ ሁሉ የመጣው ከዝግ ቤት፣ ማለትም ኮዱን ለራሱ ብቻ ከሚይዝ ኩባንያ ነው፤ በተለይ ከግራፊክስ ካርድ ሠሪው ከኤንቪዲያ። ክፍት የሚባለው፣ ማንም ሊያየውና ሊጠቀምበት የሚችለው፣ ዘግይቶ የሚመጣ ቅጂ ነው፤ ጥራቱም ያንሳል። ዝግ ነገር ባለቤት ስላለው የሚንከባከበው አያጣም፤ ክፍቱ ግን የማንም ልጅ ነው። ስለ ክፍትነት የሚሰብከው ተቀናቃኙ ኤኤምዲም ሲመቸው ይዘጋል። ደግሞስ ጌመር ምን አገባው? የሚቆጥረው ፍሬም (ካርዱ በሰከንድ የሚያወጣው ሥዕል) ነው እንጂ ኮድ አያነብ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጎበዝ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሳልወድ በግድ አስቆኛል። ከአምስቱ ነጥቦች አንዱን ሙሉ በሙሉ፣ አንዱን ደግሞ በግማሽ እቀበላለሁ። የቀሩትን ግን እንዲሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካርዶቹም ጌሞቹም የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።

ከመጀመሬ በፊት ራሴን ላጋልጥ። የምጫወተው በጂቲኤክስ 1060 ነው። በ2016 የወጣ የኤንቪዲያ ካርድ። ሁለተኛ እጅ ገዝቼ፣ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ በግድ ያስገባሁት። ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነበረብኝ፣ የኬዙ አንድ ጎን እስካሁን በደንብ አይገጥምም። ስለዚህ ‹‹አንተ የኤኤምዲ ደጋፊ ነህ›› የሚለኝ ካለ ጎኑን ገልጬ አሳየዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥቡ ‹‹ቀድሞ የመጣው ዝጉ ነው›› የሚለው ነው። ዋና ምሳሌው ጂ-ሲንክ ነው፣ እዚህ ላይ ስለ ቀዳሚነቱ አልከራከረውም። ድሮ ስክሪኑና ካርዱ የየራሳቸው ሰዓት ነበራቸው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ካርዱ ደግሞ አንዴ 48፣ አንዴ 71 ፍሬም ይልካል። ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ሥዕሉ መሃሉ ላይ ይቀደዳል። ካርዱ ስክሪኑን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቪ-ሲንክን ስታበራ ቅዳዱ ይጠፋል፣ ግን ጌሙ ይንገዳገዳል፣ ማውሱም እንደ ጭቃ ይከብዳል። ኤንቪዲያ በኦክቶበር 2013 በጂ-ሲንክ ነገሩን ገለበጠው። ካርዱ ፍሬሙን እስኪጨርስ ስክሪኑ ይጠብቅ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ለጌመር ገበያ ቀድሞ ያቀረበው ግን እሱ ነው።

ጽሑፉ ታሪኩን እዚህ ጋ ይዘጋዋል። የሚጣፍጠው ግን ቀጣዩ ነው።

ጂ-ሲንክ እንዲሠራ ሞኒተሩ ውስጥ የኤንቪዲያ የራሱ ሰሌዳ መግባት ነበረበት። መጀመሪያ ላይ፣ አንድ የአሱስ ሞኒተርን ራስህ ፈተህ የምትገጥመው ሰሌዳ 199 ዶላር ይሸጥ ነበር። በ2018 በወጣው የአሱስ 4ኬ ኤችዲአር ሞኒተር ላይማ ማራገቢያ ተገጠመ። ሞኒተር ከነማራገቢያው! ዋጋው ወደ 2,000 ዶላር። ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ስክሪንህ ሲያጉረመርም አስበው።

በዚህ መሃል ቪኢኤስኤ የሚባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር ያንኑ ሐሳብ አዳፕቲቭ-ሲንክ ብሎ በሜይ 2014 ዲስፕሌይፖርት በሚባለው የስክሪን ማገናኛ ደረጃ ውስጥ አስገባው። ኤኤምዲ በእሱ ላይ ፍሪሲንክን ሠራ። ሞኒተሮቹ በ2015 ገበያ ላይ ዋሉ፣ ልዩ ሰሌዳ ሳያስፈልጋቸው። በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ ራሱ ለላፕቶፕ ጂ-ሲንክ አወጣ። እሱም ያለ ሰሌዳ! የላፕቶፕ ስክሪን ማገናኛ ቀድሞውንም ይችል ነበር። ለዴስክቶፑ ግን ሰሌዳው ግድ ነው ማለቱን አላቆመም። እስከ ጃንዋሪ 2019 ድረስ። ያን ጊዜ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለተራው አዳፕቲቭ-ሲንክ ከፈተ፣ ምንም እንኳ 400 ሞኒተር ፈትሼ ያለፉት 12 ብቻ ናቸው ብሎ ትንሽ ቢያኮርፍም። ያላለፈውንም ራስህ ማብራት ትችላለህ። የእኔ 1060 ከተራ ፍሪሲንክ ሞኒተር ጋር የታረቀው በዚያ ድራይቨር ነው። በኦገስት 2024 ደግሞ ኤንቪዲያ ከሚዲያቴክ ጋር ተስማምቶ፣ ጂ-ሲንክ ያለ ልዩ ሰሌዳ በሞኒተሩ መደበኛ ቺፕ ውስጥ እንዲሠራ አደረገ።

እንግዲህ ቀዳሚው ዝጉ ነው። ይሁን። ዛሬ ርካሹ የጌም ሞኒተር እንኳ ይህን ነገር ይዞ የሚወጣው ግን በ199 ዶላሩ ሰሌዳ ምክንያት አይደለም።

‹‹ክፍቱ ቅጂ ነው፣ ጥራቱም ያንሳል›› ወደሚለው ልለፍ። በግማሽ እቀበላለሁ ያልኩት ይሄንን ነው።

ጸሐፊው የሚያወዳድረው ዲኤልኤስኤስንና ኤፍኤስአርን ነው። ሁለቱም ጌሙን በትንሽ ሪዞሉሽን አሠርተው ሥዕሉን ያሳድጉታል። ካርዱ ይቀለዋል፣ ፍሬሙ ይጨምራል። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ በሠለጠነ የኤአይ ሞዴል ይሠራል፣ የሚሠራውም አርቲኤክስ በሚባሉት አዳዲስ ካርዶቹ ብቻ ነው። የኤኤምዲው ኤፍኤስአር በጁን 2021 ሲወጣ ያለ ሞዴል፣ በተራ ስሌት፣ በማንኛውም ካርድ ይሠራ ነበር። በወሩ ምንጭ ኮዱም ተለቀቀ። በ2022 የመጣው ኤፍኤስአር 2 በጣም ተሻሻለ። ግን እውነቱን ልናገር። ሳይበርፓንክ 2077ን በኤፍኤስአር ስጫወት የሽቦ አጥር አጠገብ ስሄድ አጥሩ ይንቀጠቀጣል። እንደ ሙቀት ትነት ይርመሰመሳል። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ከዲኤልኤስኤስ ጋር አንድ ነው ብዬ አልዋሽም።

ታዲያ ተቃውሞዬ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዲኤልኤስኤስም ሲወለድ ቆንጆ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2019 ባትልፊልድ 5 ላይ ሲመጣ ሥዕሉ የቫዝሊን መስታወት መስሎ ነበር። ሪዞሉሽኑን በእጅህ ትንሽ ዝቅ ብታደርገው ይሻል እንደነበር ገምጋሚዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳይተዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር። የተስተካከለው በማርች 2020፣ በዲኤልኤስኤስ 2 ነው። ጸሐፊው የዝጉን የአምስተኛ ዓመት ፎቶ ከክፍቱ የልደት ፎቶ ጋር ነው ያወዳደረው።

ሁለተኛው ይብሳል። ኤፍኤስአር በወጣበት በ2021 ስቲም የተባለው የጌም መደብር በሚያደርገው የሃርድዌር ቆጠራ ላይ አንደኛ የነበረው ካርድ የትኛው ነበር? ጂቲኤክስ 1060። ለዚያ ሁሉ ሰው ኤንቪዲያ ያዘጋጀለት ዲኤልኤስኤስ አልነበረም። የገዛው የኤንቪዲያ ካርድ ነው፣ ተጨማሪ ፍሬም የሰጠው ግን ተቀናቃኙ ነው። የሚንቀጠቀጠውን አጥር ከባዶ እጅ ጋር አወዳድረው እንጂ ከአርቲኤክስ ጋር አታወዳድረው፤ እኔ ጋ አርቲኤክስ የለማ።

‹‹ቅጂ›› የሚለው ቃል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሴፕቴምበር 2013 ኤኤምዲ ማንትል የሚባል ነገር አስተዋወቀ። ጌሙ ከካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር፣ ፕሮሰሰሩ በመሃል እንዳይደክም የሚያደርግ። በ2014 መጀመሪያ ባትልፊልድ 4 ላይ ገባ። የሚሠራው በኤኤምዲ ካርድ ብቻ ነበር። እንከፍተዋለን እንደተባለም ሳይከፈት ቀረ። ይሄንን ጸሐፊው ሊያነሳው ሲችል አላነሳውም፣ ላበድረው። ሆኖም ኤኤምዲ ሥራውን ክፍት የግራፊክስ ደረጃዎችን ለሚያወጣው ለክሮኖስ ማኅበር ሰጠው፣ በእሱ መነሻነት በፌብሩዋሪ 2016 ቩልካን ወጣ። ለሁሉም ካርድ፣ ለሁሉም ሲስተም። ስለ ቩልካን በኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የእኔን አንድ ጌም ከሞት አስነስቷል።

ብዕር ያስነሳኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው። ዝግ ነገር ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ይንከባከበዋል ይላል።

ሚረርስ ኤጅን የተጫወተ ሰው ይህን ያስታውሳል። ነጫጭ ሕንፃዎች፣ ጣሪያ ለጣሪያ የምትሮጥ ልጅ። የፒሲው ቅጂ በጃንዋሪ 2009 ሲወጣ የኤንቪዲያ ፊዝኤክስ ነበረው፣ የነገሮችን እንቅስቃሴና ስብራት የሚያሰላ። ሲተኮስብህ የቢሮው መስታወት ስብርባሪ ሆኖ ወለሉ ላይ ይበተናል፣ ስትረግጠውም ይገፋል። የፕላስቲክ መጋረጃው በጥይት ይበሳል፣ ይቀደዳል፣ የተቀደደው ጫፍ በነፋስ ይወዛወዛል። ፊዝኤክስን ስታጠፋው መጋረጃው ከነጭራሹ የለም። ያው ክፍል ነው፣ ባዶ ይመስላል። ያኔ ዓይናችንን ያፈዘዘን እሱ ነበር፣ አልክድም።

ፊዝኤክስ የኤንቪዲያ የእጅ ሥራ አልነበረም። ኤጂያ የሚባል ኩባንያ በ2006 ለፊዚክስ ስሌት ብቻ የሚሆን ካርድ አውጥቶ ነበር። ኤንቪዲያ በፌብሩዋሪ 2008 ኩባንያውን ገዛና ሥራውን ኩዳ በሚባለው በካርድ ላይ የማስላት ዘዴው በኩል ወደ ራሱ ግራፊክስ ካርዶች አዞረው። ከዚያ ብልጥ ጌመሮች አንድ ዘዴ አገኙ። ዋና ካርዳቸው የኤቲአይ (ያኔ የኤኤምዲ ክፍል) ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ርካሽ የኤንቪዲያ ካርድ ለፊዝኤክስ ብቻ ይሰካሉ። ይሠራ ነበር። በ2009 ድራይቨሩ ሥዕሉን የሚሠራው የሌላ ኩባንያ ካርድ መሆኑን ሲያይ ፊዝኤክስን ማጥፋት ጀመረ። ልብ በል፣ የጠፋው ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው የኤንቪዲያ ካርድ ሥራ ነው። ባለቤቱ እንዲህ ነው የተንከባከበው።

ይሄ የድሮ ቂም ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ 2025ን እንይ። የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ወጡ። ትልቁ 5090 በ1,999 ዶላር። እነዚህ ካርዶች 32 ቢት ኩዳን፣ የአሮጌ ፕሮግራሞቹን ዓይነት፣ አይደግፉም። ለብዙ ሰው ምንም የማይመስል ቴክኒካዊ መስመር ነው። ግን የዚያ ዘመን የፊዝኤክስ ጌሞች በብዛት 32 ቢት ናቸው። ሚረርስ ኤጅ፣ ባትማን አርካም ሲቲ፣ ቦርደርላንድስ 2፣ ማፊያ 2። ስለዚህ በዓለም ላይ ውዱ የጌም ካርድ ላይ ፊዝኤክስን አብርተህ መስታወት ስትሰብር ስሌቱ ወደ ፕሮሰሰሩ ይጣል፣ ጌሙም እንደ ስላይድ መቆራረጥ ይጀምር ነበር። የአሥራ ምናምን ዓመት ካርድ በሰላም የሚያጫውተውን ጌም። አንዳንዶች ከ5090 ጎን አሮጌ ካርድ ሰክተው ፊዝኤክሱን ለእሱ ሰጡት። በ2009 የታገደው ዘዴ በሌላ በር ተመለሰ።

ጩኸቱ በዛ። በዲሴምበር 2025 ኤንቪዲያ በአዲስ ድራይቨር ድጋፉን ለተመረጡ ጌሞች መለሰ። ሚረርስ ኤጅም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ጸሐፊው ይሄንን ‹‹አየህ፣ ባለቤት ስላለው ነው›› ሊለኝ ይችላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። አሥር ወር ገደማ ጠብቀናል፣ የተመለሰውም በስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ጌምህ ከሌለ አመልካች ሆነህ ደጅ ትጠናለህ። የገዛኸው ጌም፣ የገዛኸው ካርድ፣ የሌላ ሰው ዝርዝር።

ከዚህ በፊትም አይተነዋል። ሥሪዲኤፍኤክስ የሚባለው ኩባንያ በ1996 ቩዱ ካርድን ሲያወጣ ግላይድ የሚባል የራሱ ቋንቋ ነበረው። ዘመኑን ያነገሠው እሱ ነው። በ2000 መጨረሻ ኩባንያው ፈረሰ፣ ንብረቱን ኤንቪዲያ ገዛው። ግላይድ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። ዛሬ የግላይድ ጌም መጫወት ከፈለግህ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን አስተርጓሚ ፕሮግራም አውርደህ ነው። የማንም ልጅ የተባሉት ሰዎች ናቸው ሙታኑን የሚያስታምሙት።

ተቃራኒውን ደግሞ ተመልከት። ኤኤምዲ ሊኑክስ ለሚባለው ክፍት የኮምፒውተር ሲስተም የሠራውን የራሱን የቩልካን ድራይቨር በ2025 አቆመ። ባለቤቱ ተወው ማለት ነው። ምን ሆነ? ምንም። በ2016 ከኤኤምዲ ውጭ ያሉ ሰዎች የጀመሩት ራድቪ የሚባል ክፍት ድራይቨር ነበረ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞውንም የሚጫወተው በእሱ ነው። ኤኤምዲም ከእንግዲህ እሱን ነው የምደግፈው አለ። በእጅ የሚያዘው የጌም ኮምፒውተር ስቲም ዴክ የሚሠራው በዚያው ነው። ማንም ደጅ አልጠናም።

አራተኛው ነጥብ አጭር ነው፣ ምክንያቱም ልክ ነው። ኤኤምዲ ቅዱስ አይደለም። በማርች 2025 ኤፍኤስአር 4 ሲወጣ በሠለጠነ ሞዴል የሚሠራ፣ ለዲኤልኤስኤስ የተጠጋ ጥራት ያለው ነበር። የሚሠራው ግን በአዲሱ አርኤክስ 9000 ካርዶች ላይ ብቻ ነበር። የዓመት ከመንፈቅ ካርድ የያዘ የኤኤምዲ ደንበኛ እንኳ ውጭ ቀረ። ኮዱም እንደ በፊቶቹ አልተለቀቀም። ይሄ ሁሉ ስብከት የት ገባ? ክፍትነት ሁለተኛ የሚወጣ ተወዳዳሪ ስልት ነው፣ አንደኛውን ሲጠጉ በሩ ይጠባል የሚለው የጸሐፊው አባባል እኔንም አሳምኖኛል።

ያም ሆኖ ቀጥሎ የሆነውን ሳይነግረን አለፈ። በኦገስት 2025 ኤኤምዲ አዲስ የልማት ጥቅል ሲለቅ የኤፍኤስአር 4 ምንጭ ኮድ አብሮ ሾልኮ ወጣ፣ ያውም ከክፍት ፈቃድ ጋር። ወዲያው አነሱት። ሰው ግን ቀድቶት ነበር። ውስጡ ለአሮጌ ካርዶች የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ ተገኘ። ጥቂት ሳይቆይ ሰዎች አጠናቅረው በቀድሞዎቹ የአርኤክስ 6000 እና 7000 ካርዶች ላይ አስኬዱት። ከአዲሱ ላይ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል። ‹‹አይቻልም›› የተባለው ነገር ‹‹አልፈለግንም›› እንደነበር ያወቅነው ኮዱን በማየታችን ነው። ይሄ የኤኤምዲን ነቀፋ ያጠናክራል። የጸሐፊውን መደምደሚያ ግን ያፈርስበታል።

አሁን ወደ መጨረሻው። ‹‹ጌመር ኮድ አያነብም።››

እኔም አላነብም። ሲ ፕላስ ፕላስ ካየሁ ዓይኔ ይሸሻል። ነገር ግን ጂቲኤ 4 ልጅ ሆኜ ጀምሬ ሳልጨርስ የተውኩት ጌም ነበር፣ ባለፈው ክረምት እስቲ ልጨርሰው አልኩ። በ2008 የወጣ ጌም ነው፣ የእኔ ካርድ እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል ብዬ ነበር። አልቆረጠመውም። የጌሙ ጀግና ኒኮ መኪና ይዞ ሲታጠፍ ሥዕሉ ይደናቀፋል፣ ድልድይ ላይ ስወጣ ፍሬሙ ዝም ብሎ ይወድቃል። ሴቲንጉን ዝቅ አደረግኩ፣ ለውጥ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ባሰበት። ካርዱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፣ ማራገቢያው እንኳ አይዞርም።

አንድ ልጅ ዲኤክስቪኬን ሞክር አለኝ። አንዲት የዲኤልኤል ፋይል ናት። አወረድኳት፣ ጌሙ ፎልደር ውስጥ ከማስነሻው ጎን አስቀመጥኳት። በቃ፣ ኢንስቶል የሚባል ነገር የለም። ጌሙን ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ አዲስ ሰፈር በገባሁ ቁጥር ትንሽ ገታ ገታ አለ። ከዚያ ለሰሰ። ድልድዩ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አላመንኩም።

ፋይሏ የምትሠራው ትርጉም ነው። ጌሙ ከካርዱ ጋር በዳይሬክትኤክስ 9 የሚናገረውን ወደ ቩልካን ትመልሳለች። ዳይሬክትኤክስ ራሱ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፤ ከማይክሮሶፍት ሲስተሞች ውጭ አይኖርም። ዲኤክስቪኬን የጀመረው አንድ ጀርመናዊ ፕሮግራመር ነው፣ ኒር ኦቶማታ የሚባለውን ጌም በሊኑክስ መጫወት ስለፈለገ። በቃ ይሄው ነው ምክንያቱ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ አየውና ሥራውን በገንዘብ ደገፈ። በኦገስት 2018 የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ በሚያስኬደው ፕሮቶን ውስጥ ገባ፣ በ2022 ስቲም ዴክ በእሱ ላይ ቆመ። ኢንቴል ደግሞ አርክ ካርዶቹ አሮጌ የዳይሬክትኤክስ 9 ጌሞች ላይ ሲያፍሩበት ይህንኑ ሥራ ድራይቨሩ ውስጥ ተጠቀመበት። አንድ ሰው ለራሱ ጌም ብሎ የሠራውን ትልቁ የቺፕ ኩባንያ ወሰደው፤ ማስፈቀድ አላስፈለገውም። እኔ ኮዱን አላነበብኩም። ያነበበው ሰው ግን ጂቲኤዬን አስጨረሰኝ።

የፀጉሩም ነገር አለ። በማርች 2013 ቱም ሬይደር ሲወጣ የጀግናዋን የላራን ፀጉር ዘለላ በዘለላ የሚያንቀሳቅሰው የኤኤምዲ ትሬስኤፍኤክስ ነበር። መጀመሪያ ላይ የኤንቪዲያ ካርዶች ተሰቃዩ። ግን የፀጉሩ ኮድ ይታይ ነበርና በፓችና በድራይቨር ብዙም ሳይቆይ ተስተካከለ። በሜይ 2015 ዊቸር 3 በኤንቪዲያ የፀጉር ቴክኖሎጂ በሄርወርክስ መጣ። አሁን የተሰቃዩት የኤኤምዲ ካርዶች ናቸው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የሄርወርክስ ኮድ ለኤኤምዲ ሊስተካከል አይችልም ብለው በግልጽ ተናገሩ። መፍትሔውን ተጫዋቾች አገኙት፤ በኤኤምዲ ድራይቨር ውስጥ ፀጉሩ የሚከፋፈልበትን መጠን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት። የጌሙ ጀግና የጌራልት ፀጉር ላይ ልዩነቱን ለማየት አፍንጫህን ስክሪኑ ላይ ማስጠጋት አለብህ። በነገራችን ላይ የቀድሞዎቹ የኤንቪዲያ 700 ካርዶች ባለቤቶችም ያኔ አጉረምርመዋል። በዚያ ጌም የተከፋው የተቀናቃኙ ደንበኛ ብቻ አልነበረም።

ክፍትነት ሲከለከል ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ደግሞ የኤችዲኤምአይን ጉዳይ ይመልከት። ኤኤምዲ በሊኑክስ ክፍት ድራይቨሩ ላይ ኤችዲኤምአይ 2.1ን ለመጨመር ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ደረጃውን የሚያስተዳድረው የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 አይሆንም አለ። ኮዱ ክፍት ሲሆን ዝርዝሩ ይታያልና። ስለዚህ ካርዱ ይችላል፣ ቴሌቪዥኑ ይችላል፣ ገመዱ ይችላል። በዚያ ክፍት ድራይቨር 4ኬን በ120 ኸርዝ በሙሉ ጥራት በኤችዲኤምአይ ለማየት የቀረው ፈቃድ ብቻ ነበር። ኮድ የማያነበው ጌመር ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይሄን ይከፍላል፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ጸሐፊው ሲጨርስ የግዢ ምክር ሰጥቷል። ሁለተኛ እጅ አርቲኤክስ ካገኛችሁ ሌላ አትዩ ይላል። እዚህ ላይ ስለ እውነት የምለው የለኝም። የአክስቴ ልጅ አርቲኤክስ 2060 አለው፣ በ2019 የወጣ ካርድ። በጃንዋሪ 2025 ኤንቪዲያ አዲሱን የዲኤልኤስኤስ 4 ሞዴል ሲለቅ እስከ አርቲኤክስ 20 ድረስ ወርዶ ሰጥቷል። ፍሬም ጨማሪውን አይደለም፣ ሥዕል አሳዳጊውን። ኤኤምዲ ለዓመት ከመንፈቅ ካርድ ያልሰጠውን ኤንቪዲያ ለስድስት ዓመት ካርድ ሰጠ። ይሄንን ነጥብ ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፈው፣ እኔ ብሆን ጽሑፌን በእሱ ነበር የምጀምረው።

ኬዜን ተሸክሜ ቤቱ ሄድኩና ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሳይበርፓንክ፣ ያው ጎዳና፣ ያው የሽቦ አጥር። የእኔው እንደ ልማዱ ይርመሰመሳል። የእሱ አጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሽቦው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

‹‹ትሸጠዋለህ?›› አልኩት።

‹‹በ1060ህ ላይ ስንት ትጨምራለህ?›› አለኝ።